የዋሽንግተን ግዛት የመራጮች መመሪያ፦ ለምክር ቤት እጩ መቶ ቃል ይበቃልን?

የዋሽንግተን ግዛት ዋና ጸሐፊ ቢሮ ከጠቅላላ ምርጫ በፊት ለየመኖሪያ ቤቱ በፖስታ የሚልከው የመራጮች መመሪያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1914 ጀምሮ ሲታተም የኖረ የሕዝብ አገልግሎት ነው። የግዛቱ ነዋሪዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ደርሷቸው በየቤታቸው ስለሚሞሉ፣ ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን ሲሞላ ከጎኑ የሚያኖረው ይህንኑ መጽሔት ነው። እዚህ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ በዋና ዋና የፖሊሲ ጉዳዮች ላይ ያለውን አቋም ከመጽሔቱ ማወቅ ይቻላልን? መልሴ በአብዛኛው አይቻልም የሚል ነው። ይህንንም የምለው መጽሔቱን ስለማከብረውና ከዚህ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ስለማምን ነው።

አክብሮቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሕዝብ ውሳኔ የሚቀርቡ የሕግ ሐሳቦችን በተመለከተ መጽሔቱ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። የሕጉ ሙሉ ቃል፣ ሕጉ ቢጸድቅ ምን እንደሚለወጥ የሚያስረዳ ገለልተኛ ማብራሪያ፣ በግዛቱ በጀት ላይ የሚያስከትለው ውጤት፣ የደጋፊዎችና የተቃዋሚዎች ክርክር ከነመልሱ በተርታ ይቀርባሉ። በ2024 ከካፒታል ትርፍ ላይ (እንደ አክሲዮን ያለ ሀብት ተሽጦ ከሚገኝ ትርፍ ላይ) የሚሰበሰበው ግብር ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ፣ በ2021 የወጣው ይህ የ7 በመቶ ግብር በእነማን ላይ እንደሚጣልና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አንድ አንባቢ በጥቂት ገጾች ሊረዳ ይችል ነበር። ሕዝቡም ግብሩ እንዲቀጥል ወሰነ።

ወደ ምክር ቤት እጩዎች ገጽ ሲታለፍ ግን ይህ ጥራት ይጠፋል። በግዛቱ ሕግ መሠረት ለገዥነት የሚወዳደር ሰው 300 ቃላት፣ ለሴኔት የሚወዳደር 200 ቃላት፣ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ደግሞ 100 ቃላት ብቻ ይፈቀድለታል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው እጩው ራሱ ሲሆን፣ ቢሮው እንደቀረበለት ያትመዋል እንጂ አያርመውም፣ እውነትነቱንም አያረጋግጥም። ይህ አሠራር መንግሥት በእጩዎች መካከል እንዳይዳኝ ስለሚያደርግ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ያለው በስፋቱ ላይ ነው። በመቶ ቃል ውስጥ እጩው የሰፈሩ ልጅ መሆኑን፣ ለቤተሰቦች እንደሚታገል፣ መኖሪያ ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ እንደሚሠራ፣ እነማን እንደደገፉት ሲዘረዝር ቦታው ያልቃል። መኖሪያ ቤት እንዲረክስ የማይፈልግ እጩ ስለሌለ፣ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። አንባቢው የሚፈልገው በምን መንገድ፣ በማን ገንዘብና የማንን ተቃውሞ ተቋቁሞ እንደሆነ ነው።

የፓርቲው ስም ይህን ክፍተት ይሞላል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በዋሽንግተን ግን በነሐሴ ከሚደረገው ቅድመ ምርጫ ወደ ኅዳሩ የሚያልፉት፣ ፓርቲያቸው ምንም ይሁን ምን፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ናቸው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀውን የሲያትልን ሬኒየር ቫሊ በሚያካትተው በ37ኛው የምርጫ ክልል፣ በ2020ም ሆነ በ2022 ለአንዱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር የመጨረሻውን ውድድር ያደረጉት ሁለት ዴሞክራቶች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከስማቸው ጎን የተጻፈው ፓርቲ አንዱን ከሌላው አይለይም። ልዩነቱ የሚገኘው በዝርዝር አቋማቸው ውስጥ ብቻ ነው፤ መጽሔቱ ደግሞ ለዝርዝሩ ቦታ አልሰጠም።

ይህ ምክር ቤት የሚወስናቸው ነገሮች ትንሽ ቢሆኑ ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። በ2022 ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች በደቂቃና በማይል የሚሰላ ዝቅተኛ ክፍያ፣ እንዲሁም የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲኖራቸው የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነው። በዚህ ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ወገናችን ስንት እንደሆነ ሲያትል የኖረ ያውቀዋል። በ2025 ደግሞ የቤት ኪራይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኑሮ ውድነቱ መጠን ላይ 7 በመቶ ተጨምሮ ከሚገኘው ወይም ከ10 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳይጨመር ሕግ ወጥቷል። ለተከራይም፣ አንድ ሁለት ክፍል ለሚያከራይ የቤት ባለቤትም፣ ወኪሉ በዚህ ሕግ ላይ ምን አቋም እንደያዘ ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነው።

መጽሔቱ ከዚህ የሚሻል ነገር ነበረው። ምክር ቤቱ ግብር የሚጨምር ሕግ ሲያወጣ ሕዝቡ አስገዳጅ ያልሆነ የምክር ድምፅ ይሰጥበት ነበርና፣ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል በሕጉ ላይ ይስማማ ወይም ይቃወም እንደነበር በመጽሔቱ ውስጥ በስም ተዘርዝሮ ይታተም ነበር። ይህ የምክር ድምፅ በ2023 በሕግ ቀርቷል። ምንም ለውጥ የማያስከትል ጥያቄ ከድምፅ መስጫው ወረቀት መውጣቱ ትክክል ነው እላለሁ፤ የጥያቄዎቹም አጻጻፍ ለአንድ ወገን ያደላ ነበር። የስም ዝርዝሩ ግን አብሮ መጥፋት አልነበረበትም። በወንበሩ ላይ ያለ ሰው አቋም ከገባው ቃል ይልቅ በሰጠው ድምፅ ይታወቃል፤ ዝርዝሩም ይህን ያለ አስተያየት ያሳይ ነበር።

ዝርዝሩ እስኪመለስ ድረስ መጽሔቱን ለብቻው ከመጠቀም ይልቅ ከሁለት ነጻ አገልግሎቶች ጋር ማጣመር ይሻላል። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ እያንዳንዱ አባል በየረቂቁ ላይ የሰጠውን ድምፅ ያሳያል። በ1972 በሕዝብ ውሳኔ በጸደቀ ሕግ የተቋቋመው የግዛቱ የይፋ መግለጫ ኮሚሽን ደግሞ ለእጩው ገንዘብ የሰጡትን ከነመጠኑ ያወጣል፤ ወንበር ይዞ ለማያውቅ አዲስ እጩ ይህ ሁለተኛው በተለይ ይጠቅማል። ሁለቱም ትዕግሥትና በቂ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ።

የቋንቋው ነገር መታለፍ የለበትም። የግዛቱ መመሪያ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛና በቬትናምኛም ይዘጋጃል። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በትርጉም ረገድ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ስለሆነ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ቁጥር የቱንም ያህል ቢያድግ በዚያ በኩል ግዴታ አይመጣም። ይሁንና ኪንግ ካውንቲ በራሱ ውሳኔ ሶማልኛን ጨምሯል፤ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ታገለግላለች። እናቶቻችንና አባቶቻችን የልጆቻቸውን ትርጉም ሳይጠብቁ የእጩዎቹን ጽሑፍ ራሳቸው ቢያነቡ ደስታዬ ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው።

የመቶ ቃሉን ገደብ የደነገገው ሕግ የምክር ቤቱ ሥራ ነው፤ ሊያሻሽሉት የሚችሉትም አባላቱ ናቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ድምፃችንን ፈልጎ ወደ ማኅበረሰባችን አዳራሽ ለሚመጣ እጩ፣ ገደቡ ወደ 300 ቃላት ከፍ እንዲልና የአባላቱ የድምፅ ዝርዝር ወደ መጽሔቱ እንዲመለስ ረቂቅ ያቀርብ እንደሆነ በግልጽ እንጠይቀው፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበለው።