48፣ 60 ወይስ 72 ቮልት? የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢ

ሻጩ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ቮልቱን ነው። እናንተ ግን ዳገት ላይ ስንት አምፔር እንደሚስብ ጠይቁ። ጉልበት የቮልትና የአምፔር ብዜት ነው፤ 3,000 ዋት በሚጠይቅ ዳገት ላይ ባለ 48ቱ ከ62 አምፔር በላይ ይስባል፣ ባለ 60ው 50፣ ባለ 72ቱ 42 ገደማ። ሽቦና ኮንትሮለር (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል) የሚያግለው አምፔሩ ነው። ሽቦው እኩል ውፍረት ካለው፣ 48ቱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ጉልበት የ72ቱን 2.25 እጥፍ ይሆናል።

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም፤ 60 ይበቃዋል ባይ ነኝ። 48ን ለስኩተር ተዉት።

ደሴ ግን ጦሳ ተራራ ሥር ያለች የዳገት ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት የሚወጣማ ጨርሶ ሌላ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ያህል ነው። ከነተሳፋሪው 700 ኪሎ የሚመዝን ባጃጅ ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ1.1 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ የጎማው፣ የነፋሱና የሞተሩ ብክነት ገና አልተቆጠረም። እዚህ ያለማመንታት 72 ውሰዱ።

72 ስለሆነ ግን ሩቅ ይሄዳል ማለት አይደለም። 48 ቮልት በ60 አምፔር ሰዓት፣ 72 ቮልት በ40 አምፔር ሰዓት፣ ሁለቱም 2,880 ዋት ሰዓት ናቸው። ሩቅ መሄዱን የሚወስነው ይህ ብዜት ነውና ቮልቱንና አምፔር ሰዓቱን ራሳችሁ አባዙ።

የባትሪው ዓይነትም ከቮልቱ አያንስም። የአሲድ ባትሪ ከሆነ 72 ማለት ባለ 12 ቮልት ስድስት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። ብዙ አምፔር ሲሳብበትም የተጻፈበትን አቅም አይሰጥም፣ ዳገቱ መሃል ቮልቱ ወርዶ ኮንትሮለሩ ያጠፋዋል። አቅም ካላችሁ ሊቲየም አይረን ፎስፌት (LFP) ባትሪ ግዙ።

ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪ የሚሞላ ሞተር ያለው ከሆነ፣ ደሴ ላይ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም፤ ሞተሩ መያዙን ያቆምና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

መኪና ለሚያስቡ፦ 800 ቮልት ከ400 የሚሻለው በዋናነት ፈጣን ቻርጀር ላይ ነው። ቤት ውስጥ በ220 ቮልት ለሚሞላ ሰው የሚያሳጥርለት ሰዓት የለም።

ቻርጀሩ ከባትሪው ቮልትና ዓይነት ጋር መግጠሙን ሳታዩ አትረከቡ፤ የ72ቱን ቻርጀር 48ቱ ባትሪ ላይ መሰካት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከ60 ቮልት ዲሲ (ከባትሪ የሚወጣው ዓይነት ኤሌክትሪክ) በላይ ለሰውም አደገኛ ስለሆነ፣ የ72ቱን ባትሪ የሚከፍትላችሁ መካኒክ ሥራውን የሚያውቅ ይሁን።