ጤና አዳም ለመትከል፦ የማሰሮው፣ የፕላስቲኩ ወይስ የጎረቤት ዝንጣፊ?

ሐዋሳ ያሉ ጓደኞቼ ክረምት ሲቃረብ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። "ጤና አዳም ልተክል ነው፣ የቱን ልግዛ?" ሁሉንም በየተራ ከመመለስ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። መልሴ አጭር ነው። በጥቁር ፕላስቲክ የበቀለውን ትንሹን ችግኝ ግዙ። ጤና አዳም ያለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። በትልቅ ማሰሮ አብቦ የቆመውን ግን እለፉት።

ከዋጋው ልጀምር። ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቅ በማሰሮ ያለው 400 ብር ተባልኩ። የፕላስቲኩ 40 ብር ነበር፤ ሁለት ሦስት ለሚወስድ ደግሞ ይቀንሳሉ። ለቡና የሚሆን አንድ እስር ገበያ ላይ 10 ብር ነው። እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። በሳምንት ሁለት እስር የምትገዙ ከሆነ 20 ብር ታወጣላችሁ። የፕላስቲኩ ችግኝ የሁለት ሳምንት ወጪ ነው። የማሰሮው ወጪ ግን የሚመለሰው ከ20 ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም እስከዚያ በሕይወት ከቆየ። ትንሹ ችግኝ ወዲያው አይቀነጠስም፣ እስኪጠነክር ጥቂት ወራት መታገስ ያስፈልጋል። ይህንን ጨምሬም ሳሰላው የማሰሮው አያዋጣም።

ዋናው ጣጣ ግን ዋጋው አይደለም። እናቴ ከመንገድ ዳር በማሰሮ የገዛችው ጤና አዳም ቢጫ አበባው እስኪያምር ድረስ ፈክቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ጠወለገ። ውሃ አነሰው ብላ ጨመረችለት፣ ባሰበት። በመጨረሻ ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሥር የሚባል ነገር የለውም። ከትልቅ ተክል የተቆረጠ ቅርንጫፍ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክተው ነው የሸጡላት! ማሰሮውም ከሥሩ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ውሃው ታች ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዲሁ የተሸወዱ ሰዎች ብዙ አጋጥመውኛል፣ የሁሉም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። አበባ ያለው፣ ትልቅ፣ ውድ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። አፈሩ አብሮ ከተነሣ ሥር ይዟል ማለት ነው። ግንዱ ብቻውን ከተንሸራተተ መልሱለት። ሻጩ "አትንካው" ካለም ሂዱ። የፕላስቲኩን የምወደው ለዚህ ነው፤ ገልብጣችሁ ታችኛውን ቀዳዳ ስታዩ ነጫጭ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። በአበባ አትመኑ። እንዲያውም ያላበበውን ምረጡ፣ ጉልበቱ ወደ ሥርና ወደ ቅጠል ይሄዳል።

የጎረቤት ዝንጣፊ ወጪው ዜሮ ነው። ያላበበ፣ ስንዝር የሚያህል ለጋ ጫፍ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉና አሸዋ በበዛበት አፈር ጥላ ሥር ሰክታችሁ እርጥበቱን ጠብቁ። በአንድ ወር ገደማ ሥር ያወጣል። ሁሉም ስለማይዝ አራት አምስት አድርጋችሁ ሰኩ። መንገድ ዳር የሚሸጡትም ይህንን አንድ ወር ቢጠብቁ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር።

ከዘር ማብቀልም ይቻላል፣ ግን አልመክርም። ገበያ ለበርበሬ የሚሸጠው ፍሬ ብዙ ጊዜ ሳይበስል የተለቀመ ወይም የቆየ ነው። ደርቆ ከተከፈተ ፍሬ የወጣ ጥቁር ዘር ካገኛችሁ ላይ ላዩን በትናችሁ ሞክሩ፤ ለመብቀል እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ችግኙ ቤት ከገባ በኋላ ብዙ አያስቸግርም። ፀሐይ ይወዳል፣ የተኛ ውሃ ይጠላል። ሐይቁ አካባቢ ዝቅ ያለ ግቢ ያላችሁ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ክረምቱ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ለማሰሮ 400 ብር ከማውጣት አሮጌ ጀሪካን ቆርጦ ታቹን መብሳት ይበቃል። በአካባቢያችን የሚገኘውን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ ሰባብራችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ፤ ውሃ በደንብ ያሳልፋል። ውሃ የምታጠጡት የላዩ አፈር ሲደርቅ ብቻ ነው። ፍግም አታብዙበት፣ ቅጠሉ ይለመልምና ሽታው ይደክማል።

ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። ስለዚህ የሎሚ ቅጠል የሚበላው አባጨጓሬ እሱንም አይምርም። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ያልፋችኋል። ጠዋት ጠዋት እያያችሁ በእጅ ልቀሙት፣ መድኃኒት አትርጩ፤ ቅጠሉ ስኒ ውስጥ የሚገባ ነው።

አበባው ሲያልፍ ጫፍ ጫፉን ከርክሙት። ታች ወዳለው ደረቅ እንጨት አትግቡ፣ ከዚያ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ክርከማውን ግን በጠራራ ፀሐይ አትሥሩ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ። ማምሻውን፣ ረጅም እጅጌ ለብሳችሁ፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆችንም አርቁ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ቡናዋን ያለ ጤና አዳም ትጠጣ፤ ማሕፀን ያነሣሣል።

አንድ ችግኝ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ሁለት የፕላስቲክ ችግኝ በ80 ብር ግዙና አንዱን በመደብ፣ ሌላውን በጀሪካን ትከሉ። አንዱ ቢሞት እንኳ ከማሰሮው ዋጋ 320 ብር ተርፏችኋል።