ባለጋሻው የአልሙኒየም ኬብል በደብረ ብርሃን መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ፦ ዕቃው ምን ይመስላል፣ ምንስ ያበላሸዋል?

ኬብሉ ጥሩ ነው። ከአየር ላይ መስመር ወደ መሬት ለመውረድ የሚሸጠው ባለ 4 ኮር (የውስጥ ሽቦ)፣ 25 ካሬ ሚሊሜትር፣ ባለ ሽቦ ጋሻ የአልሙኒየም ኬብል በትክክል ከተቀበረ ለደብረ ብርሃን ብርድም ሆነ ለክረምቱ ውኃ የሚበገር አይደለም። የሚያበላሹት አብረውት የሚሸጡት ዕቃዎችና የሚገባበት ጉድጓድ ናቸው። ስለዚህ ግምገማው ጥቅሉን በሙሉ ይመለከታል፦ ኬብሉን፣ ቱቦውን፣ መቀጠያውን፣ ግላንዱን (ኬብሉን ሳጥኑ መግቢያ ላይ የሚይዘውን)፣ ማስጠንቀቂያ ሪባኑን።

አዲስ አበባ ላይ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በመንገድ ዳር ተንጠልጥሎ የኖረው ሽቦ መቀበር ጀመረ፤ ነገሩም ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ። እስከ ቆጣሪው ያለውን መስመር የሚቀብረው ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ እሱን የግል ኤሌክትሪሺያን አይነካውም። ማኅተም መቁረጡ ቀርቶ፣ እዚያ ላይ ሾርት ቢፈጠር ቶሎ የሚቆርጥ የቤት ብሬከር የለም። ቆጣሪው አጥር ላይ ሆኖ ቤቱ 40 ወይም 60 ሜትር ገባ ካለ ግን ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ወጪ የባለቤቱ ነው። የምንናገረው ስለዚያ 60 ሜትር ነው።

ሲገዙ ሽፋኑ ላይ የታተመውን ያንብቡ። 0.6/1 ኪሎ ቮልት፣ 4×25፣ አይኢሲ 60502-1 (የዓለም አቀፉ የኬብል ስታንዳርድ ቁጥር)፣ የተመረተበት ዓመት፣ በየሜትሩም ተከታታይ ቁጥር መኖር አለበት። በጀርመን አጻጻፍ ከሆነ ኤን-ኤ-2ኤክስ-አር-ዋይ (NA2XRY) ይላል፦ «ኤ» አልሙኒየም፣ «2ኤክስ» የኤክስኤልፒኢ (ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ) ኢንሱሌሽን፣ «አር» ክብ የብረት ሽቦ ጋሻ፣ «ዋይ» የውጭ ፒቪሲ ነው። በ«አር» ቦታ «ቢ» ካለ ጋሻው የብረት ጥቅል ሪባን ነው። የጋሻ ፊደል ጨርሶ ከሌለ ሻጩ የፈለገውን ቢል ኬብሉ ጋሻ የለውም። ኤክስኤልፒኢ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል፤ በውስጡም ፒቪሲ የሆነው ኬብል 70 ላይ ያቆማል።

ውፍረቱን በዓይን አይመኑ። ስታንዳርዱ ራሱ የሚቆጣጠረው ሬዚስታንሱን ነው፦ 25 ካሬ አልሙኒየም በ20 ዲግሪ ሙቀት በኪሎ ሜትር ከ1.20 ኦም አይበልጥም፤ 16 ካሬው 1.91 ነው። ስለዚህ የ100 ሜትር ጥቅል አንድ ኮሩ 0.12 ኦም ያህል ነው፤ ይህን ተራ መልቲሜትር በቀጥታ አያነበውም፤ የራሱ ገመዶች ከዚያ ይበልጣሉና። ዘዴው ቀላል ነው። የመኪና ባትሪ፣ የፊት መብራት አምፖልና መልቲሜትሩን በ10 አምፒር መለኪያው ከኮሩ ጋር በተከታታይ ያገናኙ፤ ከ4 እስከ 5 አምፒር ያልፋል። ከዚያ በሌላ ሜትር በኮሩ ሁለት ጫፍ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ። 5 አምፒር ላይ 0.6 ቮልት ካነበበ 25 ካሬ ነው፤ ወደ 0.95 ከተጠጋ የ25 ዋጋ ከፍለው 16 ሊገዙ ነው።

ልዩነቱ ቤት ውስጥ ይታወቃል። የእንጀራ ምጣድና የውኃ ማሞቂያ አንድ ላይ ሲሠሩ በአንድ ፌዝ 32 አምፒር ይሄዳል እንበል። በ60 ሜትር ርቀት 25 ካሬው 4.6 ቮልት ብቻ ይጥላል፤ 16 ካሬው 7.3 ቮልት። 10 ካሬ መዳብ ቢገዙ 7 ቮልት ይጥላል፤ ማለትም ከ16 አልሙኒየም ብዙም አይሻልም። ሽቦው ሲሞቅ ሁሉም ትንሽ ይጨምራሉ። ከመንገዱ የሚመጣው ቮልቴጅ ማታ ማታ አስቀድሞ የወረደ ከሆነ እነዚህ ጥቂት ቮልቶች ምጣዱ እንጀራውን ዓይን አልባ እንዲያወጣ ይበቃሉ።

ስለ ብርዱ፦ ፒቪሲ ከ0 ዲግሪ በታች ተሰባሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ውጭ ያደረ ጥቅል ጠዋት መዘርጋት የለበትም። ስንጥቁ በዕለቱ አይታይም፤ በቀጣዩ ክረምት ውኃ አስገብቶ ጋሻውን ያዝገዋል። ጥቅሉን አንድ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ አስቀምጠው ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ ይዘርጉት።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። የሰሜን ሸዋ ደጋ አፈር፣ በተለይ ሜዳማው፣ መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህ አፈር ኬብልን ይዞ ይጎትታል፣ መልሶ ይገፋል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በመቀጠያውና በሳጥኑ መግቢያ ላይ ነው። በበጋ ደግሞ ስንጥቁ በኬብሉ ዙሪያ አየር ያስገባል፤ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ኬብልን በቀጥታ በመረሬ መቅበር ውጤቱ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ የሚታይ ስሕተት ነው።

ለ60 ሜትር መስመር፦ ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲሜትር ይሁን። በእግረኛ መንገድ ሥር 60 ይበቃል የሚል ባለሙያ ብዙ ነው፤ ለመረሬ አይበቃም፤ የላይኛው አፈር ነው አብልጦ የሚንቀሳቀሰው። ከሥር 10 ሳንቲሜትር የተነፋ አሸዋ፣ ከዚያ ባለ 110 ሚሊሜትር ቱቦ፣ ከላይ እንደገና 10 ሳንቲሜትር አሸዋ። በድምሩ 7 ሜትር ኩብ አሸዋ ይጠይቃል። ርካሽ ነው ተብሎ በአሸዋው ፈንታ ቀይ አሸዋ (ቀዳዳማውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የሚሞላ አለ፤ ቀዳዳው ሁሉ አየር ስለሆነ ኬብሉን ብርድ ልብስ እንደማልበስ ይቆጠራል፤ ብርድ ልብሱን ለደብረ ብርሃኑ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይተዉለት። ከአሸዋው በላይ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በመረሬ መካከል የተቆፈረና በአሸዋና በገረጋንቲ የተሞላ ቦይ ውኃውን ሁሉ ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ ሸክላው ስለማያሰርገው ክረምቱን ሙሉ ገንዳ ሆኖ ይከርማል። ስለዚህ የቦዩ ወለል በ100 ሜትር 1 ሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው፤ ዝቅተኛው ጫፍ ውኃ ወደሚወጣበት ይክፈት። የላይኛው 20 ሳንቲሜትር ግን ያንኑ መረሬ መልሶ ጠቅጥቆ መክደን ነው፤ ክፉው አፈር ለክዳንነት ሲሆን የሚወዳደረው የለም።

ቱቦው በሁለት ዓይነት ይቀርባል። ውጩ ቆርቆሮ መሰል ውስጡ ለስላሳ የሆነው ባለ ሁለት ግድግዳ ፖሊኤቲሊን ትክክለኛው ነው፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ሌላው የፍሳሽ ፒቪሲ ነው፤ ቀጭን ነው፣ በብርድ ይሰነጠቃል፣ ክርኑም 90 ዲግሪ ነው። የዚህ ኬብል ውፍረት 28 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በ12 እጥፍ ሲሰላ ከ34 ሳንቲሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም፤ የፍሳሽ ክርን ይህን አይሰጥም። ጋሻ ያለው ኬብል ያለ ቱቦም ይቀበራል የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ሙቀቱን የተሻለ ይለቃል። በመረሬ ግን ቱቦውን እንመርጣለን፤ እንቅስቃሴውን ቱቦው ይቀበላል፣ ኬብሉ ውስጡ ነጻ ይሆናል። 32 አምፒር ለዚህ ኬብል ቀላል ስለሆነ የሙቀቱ ኪሳራ አያሳስብም። ሲጎትቱ በሰው ጉልበት እንጂ በመኪና አይሁን፤ የአራቱ አልሙኒየም ኮሮች አቅም 3,000 ኒውተን፣ ማለት 300 ኪሎ የማንጠልጠል ያህል ነው፤ መኪና ያንን ሳይታወቀው ያልፈዋል። የቱቦው ሁለቱ ጫፎች ይደፈኑ፤ ክፍት ከሆኑ ውኃም ፍልፈልም ይገባሉ። ፍልፈል ፒቪሲውን ይቆረጥመዋል፤ የብረት ጋሻው ላይ ግን ጥርሱ ይቆማል።

የጥቅሉ ደካማ ዕቃ መቀጠያው ነው። ከኬብሉ ጋር የሚሰጠው የሂት ሽሪንክ (በሙቀት የሚኮማተር) መቀጠያ ብዙ ጊዜ የጋሻውን ሁለት ጫፍ የሚያገናኘው የመዳብ ጥልፍና የሚይዘው ስፕሪንግ የለውም። ጋሻው ከተቋረጠ ከመቀጠያው ማዶ ያለው ብረት ኧርዝ የለውም፤ ዶማ ሲወጋው ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። የመቀጠያው ቱቦ በእሳት የሚኮማተረው ከመካከል ጀምሮ ወደ ጫፍ ነው፤ ከጫፍ ከተጀመረ አየር ይታፈናል፣ በአንድ ቦታ ከቆመም ይከስላል። ሬዚን (ከሁለት ከረጢት ተደባልቆ የሚጠነክር ፈሳሽ) የሚፈስበት ዓይነት ይሻላል፤ ነገር ግን በብርድ ይወፍራል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ሁለቱን ከረጢቶች ከመደባለቅ በፊት ሞቅ ባለ ቦታ ያቆዩ፤ ሳይጠነክርም አፈር አይመልሱበት። ከሁሉ የሚሻለው አለመቀጠል ነው። ለ60 ሜትር መስመር በየጫፉ 2 ሜትር መጠባበቂያ ጨምረው 64 ሜትር በአንድ ቁራጭ ይግዙ።

ጫፉ ላይ፦ አልሙኒየም ሲላጥ ወዲያው በማይታይ ኦክሳይድ ይሸፈናል። በብረት ብሩሽ ይቦረሽ፣ የመገጣጠሚያ ቅባት ይቀባ፣ ከዚያ አልሙኒየም ከአንድ ወገን መዳብ ከሌላው የሆነ ኬብል ላግ (የሽቦ ጫፍ ማሰሪያ) በስድስት ጎን ፕሬስ ይጨመቅ። አልሙኒየሙን በቀጥታ በብሬከሩ ብሎን ሥር ማሰር የተለመደ ነው፤ ስሕተት ነው። አልሙኒየም በጫና ሥር ቀስ ብሎ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ሳጥኑን ሲከፍቱ በሽቦው ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ጋሻውን የሚይዘው የናስ ግላንድ ከኧርዙ ጋር ይታሰር፤ ጋሻውን ቆርጦ በቴፕ ጠቅልሎ መተው ጋሻ የሌለው ኬብል ከመግዛት የባሰ ነው። የኧርዝ ዘንጉንም በነሐሴ ለክተው አይርኩ። መረሬው በግንቦት ከዘንጉ ሲላቀቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ የሚታመነው የበጋው ልኬት ነው።

ማስጠንቀቂያ ሪባኑ ጥሩ ነው፤ ብዙዎች የሚያነጥፉት ግን በቀጥታ በኬብሉ ላይ ነው። 30 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ካልሆነ ቆፋሪው ሪባኑንና ኬብሉን አብሮ ያገኛቸዋል።

ያው ኬብል ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ሒሳቡ ይለወጣል። የካታሎጉ አምፒር ለ20 ዲግሪ አፈር ነው፤ 15 ዲግሪ ሲሆን በ1.04 ይባዛል፣ 30 ሲሆን በ0.93። ከፍታው ደግሞ የተቀበረውን ኬብል አይነካውም፤ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር በፖሉ ላይ የሚወጣበትን ጫፍ ግን ይነካዋል። ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአየር ላይ ያለው ኢንሱሌሽን ለ1,000 ሜትር ከሚታሰበው ሩብ ያህል ይጨመርለታል። ይህ የባለቤቱ ሥራ አይደለም፤ ግን ጠይቆ ማወቅ አይከለከልም።

አለቱ ብቅ ያለበት ግቢ ከሆነ አይቆፍሩ። ኢንሱሌሽን ያላቸው ሽቦዎች አብረው የተጠማዘዙበት የአየር ላይ ኤቢሲ ኬብል በሁለት የብረት ፖል ይሻላል፤ ሲበጠስም በዓይን ይታያል። የመሬት ውስጥ ብልሽት ቦታውን ለማግኘት ብቻ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ይፈልጋል።

ላጎቹ ከመታሰራቸው በፊት በ1,000 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) እያንዳንዱን ኮር ከሌላው ጋርና ከጋሻው ጋር ይለኩ፤ አንድ ጊዜ ከመሙላቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ከሞሉ በኋላ። አዲስ ኬብል በመቶዎች ሜጋ ኦም ማሳየት አለበት፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ኃይል አይለቀቅበትም። ቦዩ ክፍት እያለ ፎቶ ያንሱ፤ ከአጥሩ ጥግና ከቤቱ መሠረት ያለውን ርቀት በሜትር ጽፈው፣ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍነው ከብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፉት።