ዝናብ መለኪያ፣ የአፈር ሴንሰር ወይስ ሳተላይት? ለወሎ መሬት የቱ ይገዛ?

ሰኔ ሲገባ ክረምቱና የበጀት መዝጊያው አብረው ይመጣሉ። የአየር ሁኔታ መለኪያ ዕቃም ብዙ ጊዜ የሚገዛው ያኔ ነው፤ በጥድፊያ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ የተረፈችውን ብር የሚጨርሰው ይመረጣል፣ በቃ። ዕቃው ግቢ ውስጥ ይተከላል። ምን ለመወሰን እንደተገዛ ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህ ንጽጽር ለገዢ የተጻፈ ነው፦ ለወረዳ መስኖ ባለሙያ፣ ለቆቦ ጊራና ሸለቆ አልሚ፣ ለገበሬ ማኅበር፣ ለትምህርት ቤት። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ወሎ ውስጥ አንድ ብልጥ ማሽን ከመግዛት ብዙ ተራ መለኪያ መግዛት ይሻላል። ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሳይጨርስ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። በደሴ በኩል የዘነበው በቦርከና አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በኩታበር በኩል የወረደው በበሽሎ ወደ ዓባይ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቦታ የተተከለ መለኪያ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የሚናገረው ስለ ራሱ ግቢ ነው።

የእጅ ዝናብ መለኪያ ወይስ አውቶማቲክ?

የእጅ መለኪያው ከላይ ሰፊ አፍ፣ ከሥር ማጠራቀሚያና ቁጥር የተጻፈበት ብርጭቆ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ዓይንን ከውሃው ወለል እኩል አድርጎ ማንበብ ነው። ባትሪ የለ፣ ሲም ካርድ የለ። ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ችግሩ ሰው ላይ ነው፤ እሑድ የተዘለለ ንባብ ሰኞ ላይ ተደምሮ ይጻፋል፣ አንዳንዴም በግምት ይሞላል።

አውቶማቲኩ ውስጥ ተራ በተራ የሚደፉ ሁለት ትንንሽ ጽዋዎች አሉ። በብዙዎቹ 0.2 ሚሊ ሜትር በሞላ ቁጥር አንዱ ይደፋል፣ ሌላው ይተካል፤ ማሽኑ የሚቆጥረው መድፋቱን ነው። ጥቅሙ የዝናቡን ፍጥነት ማሳየቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበ 30 ሚሊ ሜትርና በግማሽ ሰዓት የወረደ 30 ሚሊ ሜትር በእጅ መለኪያ ላይ አንድ ናቸው። ለአፈሩ ግን የመጀመሪያው ጠግቦ ማደሪያ ነው፣ ሁለተኛው ጎርፍ።

ጉድለቱስ? ዶፍ ሲወርድ ጽዋው እስኪገለበጥ ውሃ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ አሳንሶ ይቆጥራል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ እስኪቀልጥ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚብሰው የጉሮሮው መደፈን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አቧራና የወፍ ኩስ ተጋግሮ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ውጭ ይዘንባል፣ መዝገቡ ላይ ዜሮ ይጻፋል። ያልተነበበ ቀን ባዶ ሆኖ ይታያልና ሰው ይጠረጥረዋል። ዜሮ ግን እውነት ይመስላል፤ አንዱ ቢሮ ቁጭ ብሎ «ድርቅ ገብቷል» ይልበታል።

ምክሬ፦ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የእጁን ግዙ፣ ብዙ አድርጋችሁ። ለሁለቱም ከበቃ በእያንዳንዱ አውቶማቲክ ጎን አንድ የእጅ መለኪያ ትከሉ፤ ማሽኑ ሲዋሽ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ሁለቱንም ከዛፍም ከቤትም ማራቅ ነው፤ ርቀቱ ቢያንስ የዛፉን ወይም የቤቱን ቁመት እጥፍ ይሁን። ጣሪያ ላይ መትከል አይሆንም፤ ነፋሱ ጠብታውን ይወስደዋል።

ስለ ሚሊ ሜትር ለገበሬ ማስረዳት የሚቸገር ባለሙያ ካለ ይህችን ይያዝ፦ ጥማድን በሩብ ሄክታር ብንይዘው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ጥማድ ላይ 2,500 ሊትር ውሃ ነው። በበርሜል 12 ተኩል።

ሁሉን በአንድ የያዘ ጣቢያ ወይስ የትነት ገንዳ?

የዝናቡ ቁጥር ገቢ ነው። ወጪው ትነት ነው። በቆላው በሞቃቱ ወራት ፀሐይና ነፋስ በቀን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሊወስዱ ይችላሉ።

ይህን ለመለካት የቆየው መንገድ ገንዳ ነው፤ ስፋቱ 120.7 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ገደማ። በየቀኑ የጎደለው ውሃ ይለካና እንደ ቦታው ወደ 0.7 በሚጠጋ ቁጥር ይባዛል። ቀላልና ርካሽ ነው። ግን ውሃ ነውና ይጠጣል! ወፉ፣ ውሻው፣ አጥር የጣሰችው ፍየል። በወንፊት ሽቦ ካልተሸፈነ የምትለኩት የፍየሏን ጥማት ነው።

አዲሶቹ ጣቢያዎች ሙቀት፣ የአየር እርጥበት፣ ነፋስ፣ የፀሐይ ጨረርና ዝናብ በአንድ ዘንግ ላይ ይዘው ይመጣሉ። አትሞስ 41 የሚባለውን እንውሰድ። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ዝናቡንም በጽዋ ሳይሆን ጠብታ በመቁጠር ይለካል። ታህሞ የተባለው አህጉራዊ የጣቢያዎች መረብም ይህን ዓይነት መሣሪያ ይጠቀማል። ከእነዚህ ልኬቶች የሰብሉን የውሃ ፍላጎት በፔንማን ሞንቴይት ቀመር ማስላት ይቻላል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. መመሪያ ያወጣለት ቀመር ነው።

ዕቃው ጥሩ ነው። ግን አንድ አካል መሆኑ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ይላካል፣ ጉምሩክ፣ ምንዛሪ፣ ወራት። ተነጣጥሎ የሚገጠመው ዓይነት ለመትከል ያደክማል፣ ሽቦው ይበዛል፤ ነፋስ መለኪያው ቢሰበር ግን እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። በቆቦ ሜዳ ሰፊ መስኖ ለሚያለማ ሰው ሁሉን ያዡን እመርጣለሁ፤ በየሳምንቱ ለሚወስነው የውሃ መጠን ወጪውን ይመልሳል። ለወረዳ ግቢ ማሳያ ከሆነ ግን ይቅር።

አፈሩ ውስጥ ምን ይቀበር?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ገዢ ብዙ የሚስተው እዚህ ነው።

ፀሐይ መሬቱን ስትመታ ኃይሏ ሁለት መንገድ አለው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ ያተናል፤ አንድ ሊትር ለማትነን ወደ 2.45 ሜጋ ጁል ይሄዳል። አፈሩ ከደረቀ ያው ኃይል አፈሩንና በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። ለዚህ ነው የአፈር እርጥበት ነገ ለሚኖረው ሙቀት ጭምር የሚያገባው። ለገበሬው ደግሞ ነገሩ የበለጠ ቅርብ ነው። ደላንታ ወይም ደሴ ዙሪያ የበልግ ገብስ የሚዘራ ሰው ሦስት ቀን ሲያካፋ ቢውል የላይኛው አፈር ይርሳል፣ በማግስቱ ፀሐይ ትልሰዋለች። ዘሩ ይበቅልና ይደርቃል። ሃያ ወይም ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ወርዶ ያለውን ማወቅ ዘር ያተርፋል።

አንደኛው መንገድ ምድጃ ነው። አፈሩን መመዘን፣ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት ማድረቅ፣ እንደገና መመዘን። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ልኬት የለም፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚፈተሹት በዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲና የምርምር ማዕከል ያለ እሱ ሴንሰር መግዛት የለባቸውም። ችግሩ በየቀኑ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚለካው ዘንግ ነው። ርካሹ ካፓሲታንስ ይባላል፤ ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ይሄ ነው። ቲዲአር የሚባለው፣ የኤሌክትሪክ ምልክት ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚለካው፣ ዋጋው በጣም ውድ ነው፣ በጣምም ይሻላል፤ ጨውና ሙቀት እንደ ርካሹ አያታልሉትም። ሁለቱም ግን በዋልካ፣ በጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ፈተና አለባቸው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጣት ይገባል። ስንጥቁ ዘንጉን ታክኮ ካለፈ ሴንሰሩ አየር ነው የሚለካው። ቀጥሎ ሲዘንብ ውሃው በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርድና የታችኛው ሴንሰር ከላይኛው ቀድሞ «ረጠብኩ» ይላል። ይህን ግራፍ ያየ ጀማሪ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ማሽኑ ደህና ነው፤ አፈሩ ጠባዩ ነው።

ሌላም አለ። እነዚህ ዘንጎች የሚሰጡት ፐርሰንት ነው። 25 በመቶ እርጥበት በአሸዋማ አፈር ጥጋብ ነው፤ በዋልካ ግን ተክሉ ሊጠወልግበት ይችላል፣ ሸክላው ውሃውን አንቆ ይይዘዋልና። አፈሩን ለማያውቅ ሰው ያ ቁጥር ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው መንገድ ይህን ይፈታል፤ ተክሉ ውሃውን ለመሳብ ምን ያህል እንደሚቸገር ይለካል። ቴንሲዮ ሜትር የቆየው ነው። ውሃ እየተሞላለት ይሠራል፣ ከ80 ኪሎ ፓስካል (የመሳቢያው ኃይል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ አፈሩ ደርቋል) በላይ ከደረቀ ግን አየር ይገባበታል። ካሚሊየን የተባለው በአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲሲሮ የተሠራ ሲሆን በአፍሪካ ትንንሽ መስኖዎች ላይ ውሏል። በተለያየ ጥልቀት ይቀበራል፣ የሚያሳየውም ቀለም ነው። ሰማያዊ እርጥብ፣ አረንጓዴ መካከለኛ፣ ቀይ ደረቅ። ከ20 ኪሎ ፓስካል በታች ሰማያዊ፣ ከ50 በላይ ቀይ። ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። ሽንኩርት የሚያጠጣ ማኅበር ምን ይግዛ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምለው። ለምርምር ጽሑፍ ግን አይበቃም፤ ተመራማሪ ቁጥር ይፈልጋል።

ሳተላይቱ በነጻ ነው፤ ታዲያ ለምን እንገዛለን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ያደረገውን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ፊውስ ኔት የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ። የሚጠቀምበት ቺርፕስ የተሰኘ የዝናብ መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ያሳያል፣ ከፍሎ መግዛት የለም። ታሪክ ለማየት ተወዳዳሪ የለውም፤ ዛሬ የገዛችሁት መለኪያ ያለፉትን 40 ዓመታት አይነግራችሁም።

ግን የቺርፕስ አንዱ ካሬ ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በወሎ ገደል ይህ ርቀት ደጋውንና ወይና ደጋውን በአንድ አማካይ ይጨፈልቃል። የአፈር እርጥበት የሚለካው ስማፕ የተባለው የናሳ ሳተላይት ይብሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሲመጠቅ ራዳርም ነበረው፣ በዚያው ዓመት ተበላሸ። የቀረው መሣሪያ በ36 ኪሎ ሜትር ስፋት ነው የሚያየው፤ ደሴንና ኮምቦልቻን በአንድ ካሬ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። የሚያየውም የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ለበልግ ዘር ያልነው ጥልቀት ጋ አይደርስም። ሰብሉ መለምለሙን ለማየት ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በ10 ሜትር ጥራት ይበጃል፣ ክረምት ላይ ግን ደመናው ይጋርደዋል።

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያና የሳተላይት መረጃን አዋህዶ በ4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያዘጋጃል። ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጠይቁ። ምናልባት የምትፈልጉት ነገር እዚያው ይኖራል።

ወንዝና ጉድጓድ

ወንዝ ዳር የሚተከል ባለ ቁጥር ዘንግ ርካሽ ነው፣ ደራሽ ግን ይነቅለዋል። ድልድይ ካለ ከላይ ሆኖ በራዳር የሚያይ ይሻላል። ለቆቦ ጉድጓዶች በገመድ የሚወርድ ጥልቀት መለኪያ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ውስጥ የሚቀመጥ የግፊት ሴንሰር ከተገዛ የአየር ግፊት መለኪያ አብሮ ይገዛ፤ አለዚያ ውሃው ባይነቃነቅም ግራፉ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።

እኔ ብሆን

ወረዳ ብሆን በየቀበሌው የእጅ ዝናብ መለኪያ፣ ለአንባቢው ትንሽ ክፍያ፣ በመሀል ደግሞ አንድ አውቶማቲክ። የመስኖ ማኅበር ብሆን ካሚሊየንና አንድ የእጅ መለኪያ። ትምህርት ቤት ከሆነ የእጅ መለኪያና ገንዳ፤ ልጆቹ ያንብቡት፣ ይመዝግቡት፣ ይጨቃጨቁበት። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያን መንገድ ይከተል። ከደሴ በስተደቡብ ባለው በዚህ ጣቢያ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናቡ፣ ጎርፉና የተሸረሸረው አፈር በአንድ ትንሽ ተፋሰስ ውስጥ አብረው ተለክተዋል። ዝናቡን ሐይቅ ከተማ፣ አፈሩን መርሳ፣ ወንዙን ከሚሴ ላይ ለክቶ ማገናኘት አይቻልም።

ከበጀቱም ሲሶውን ለጥገና አስቀሩ። ሻጩን ደግሞ ፊት ለፊት ጠይቁት። መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ? ወርሃዊ ክፍያ አለው? ዳታው እናንተ ጋ ይቀመጣል ወይስ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ? ዳታውን በፍላሽ ገልብጦ ካላሳያችሁ አትፈርሙ።