ስታዲየም አካባቢ የተራራና የዋሻ ሄልሜት የምትፈልጉ፣ እኔን አይታችሁ ተጠንቀቁ

8,500 ብር። ለአንድ ቢጫ ፕላስቲክ። ማንም አልቀማኝም። በራሴ ቴሌብር፣ በራሴ ጣት ነው የላክሁት። ከሱቁ ተሳልቀውብኝ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከረረ ካላችሁ ታገሡኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በር ላይ «ቤተሰብ ግባ፣ ማየት በነፃ ነው» የሚል ልጅ አለ። ውስጥ ደግሞ ሁሉን የሚያውቅ ሻጭ አለ። ኳስ ከጠየቃችሁት ድሮ ተጫዋች ነበር። የቦክስ ጓንት ከጠየቃችሁት ቦክሰኛ ነበር። እኔ ዋሻ ስለው «ሶፍ ዑመር? እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ» አለኝ። በውስጡ የሚያልፈውን ወንዝ ስም ብጠይቀው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልጠየቅሁትም። (ወይብ ነው፣ ለማታውቁት።)

ለቅዳሜ ጉዞ አለን። ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው። እኛ ደግሞ መግቢያው ላይ ፎቶ ተነስተን ልንመለስ አላሰብንም። ከዚያ በፊት ገደል ላይ የገመድ ልምምድ አለን። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን፣ የሚበረክት ሄልሜት ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳነብ ሰንብቼ ያነበብኩትን ሁሉ ለሻጩ ዘረገፍኩለት። ፎም ብቻ የሆኑት ቀላል ናቸው፣ ግን አንዴ በደንብ ከተመቱ አበቃላቸው አልኩት። ዋሻ ውስጥ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ግድግዳው ይፈትጋል፣ ሻንጣ ውስጥም ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ውጪው ወፍራም ኤቢኤስ ፕላስቲክ ይሁን አልኩት። የግንባር መብራት ላስቲክ የሚይዙ መንጠቆዎችም ይኑሩት አልኩት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ቢጫ ሄልሜት ይዞ መጣና የነገርኩትን ሁሉ መልሶ ለራሴ ሸጠልኝ። «ኤቢኤስ ራሱ ነው! ፎም እንዳይመስልህ። ለዋሻ ተብሎ የተሠራ። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው፤ ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ።»

መንጠቆዎቹስ ስለው «እነሱን በኋላ ትገጥማቸዋለህ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ!

ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠውና በሁለት እግሩ ቆመበት። ወፍራም ሰው ነው። ሄልሜቱ ንቅንቅ አላለም። ላጨበጭብለት ምንም አልቀረኝም። ሄልሜት ላይ መቆም ምንም እንደማያሳይ ግን አንብቤ ነበር። የተራራ ሄልሜት በአውሮፓው ደረጃ፣ ማለትም ኢኤን 12492 በሚባለው፣ ሲፈተን 5 ኪሎ ክብደት ከ2 ሜትር ከፍታ አናቱ ላይ ይለቀቅበታል። ወደ ጭንቅላት የሚያልፈው ኃይል ከ10 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ ይለካል። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላም ይመታል። ጥያቄው ፕላስቲኩ ተሰበረ አልተሰበረ ሳይሆን አንገታችሁ ምን ያህል ቀመሰ ነው። ይህን እያወቅሁ የወፍራም ሰው ጭፈራ አየሁና አመንኩ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ።

ፕላስቲክ ያረጃል። ፀሐይ ያደርቀዋል። ብዙ አምራቾች ከተሠራ 10 ዓመት ያለፈውን ሄልሜት፣ አንድም ቀን ባይደረግ እንኳ፣ አትጠቀሙበት ይላሉ። ስለዚህ «መቼ ነው የተሠራው?» ብዬ ጠየቅሁ። በጥያቄዬም ኮራሁ።

ሻጩ ሄልሜቱን ገለበጠው። ውስጡ፣ ፕላስቲኩ ላይ፣ ሰዓት የምትመስል ትንሽ ክብ ታትማለች። ዙሪያዋን ከ1 እስከ 12 ቁጥር አለ። መሐሏ ላይ 14 ይላል። ቀስቷ 3 ላይ ናት። ጣቱን ጣል አደረገባትና «ይኸው፣ 14። ሦስተኛ ወር። ኅዳር 2014! ገና ትኩስ ነው» አለ።

«በእኛ ነው በፈረንጅ?» አልኩት።

ጠየቅሁት እኮ! ጥያቄው ከአፌ ወጥቷል።

የበሩ ልጅ ያን ጊዜ ጥግ ላይ ካርቶን እያጠፈ ነበር። ቀና አለ። እኔን አየኝ፣ ሻጩን አየው። አፉን ሊከፍት ሲል ሻጩ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ሂድ ሁለት ማኪያቶ ይዘህ ና» አለው። ልጁ ወጣ። ሻጩ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ዓይን ዓይኔን እያየ «በእኛ ነው እንጂ ወንድሜ። ለኢትዮጵያ ገበያ ብለው ያሠሩት ነው። እናቴ ትሙት!» አለኝ።

ማኪያቶውንም ጠጣሁ።

የትኛው የውጭ ፋብሪካ ነው ኅዳርን የሚያውቅ? ለኢትዮጵያ የተሠራ ከሆነ 13ኛው ቁጥር የታለ? ጳጉሜን የት ሄደች? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ማታ አልጋዬ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ያሰብኩት «ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል» የሚለውን ብቻ ነበር። በፈረንጅ ማርች 2014 ማለት በእኛ 2006 ነው። 10 ዓመቱን ጨርሶ አልፏል። ያውም ትክክለኛው ዓይነት ቢሆን ነው።

ትክክለኛው ዓይነትም አልነበረም።

ከመክፈሌ በፊት ያቺ የተለመደችው መጣች። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለው፤ 9,775 ይሆንብሃል። ለአንተ ብዬ ያለ ደረሰኝ ላድርግልህ?» 1,275 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ቴሌብሩን የላክሁትም በሱቁ ስም አልነበረም፤ ለአንድ ግለሰብ ስልክ ነው።

ማታ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ሻይ ልንጠጣ ተቀጣጠርን። ገመዱን የሚያስርልን ጓደኛችን የሁላችንንም ዕቃ ያይ ነበር። የእኔን አነሳው። የአገጩን ማሰሪያ ያዘና አንዴ ሳብ አደረገው። ቷ! ከነመያዣው ተነቀለ።

«ኧረ ሰበርከው!» አልኩ።

«አልተሰበረም፤ ሥራውን ነው የሠራው» አለኝ።

በጥፍሩ ጎኑ ላይ ያለውን ስቲከር ላጠው። ስቲከሩ ኢኤን 12492 ይላል። ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸው ግን ኢኤን 397 ነው። የግንባታና የፋብሪካ ሄልሜት። በዚያ ደረጃ የአገጭ ማሰሪያው ከ15 እስከ 25 ኪሎ በሚሆን ጉተታ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሠራተኛው የሆነ ነገር ቢይዘው እንዳያንቀው ነው፤ ለእሱ ጥሩ ነው። ገደል ላይ ግን ስትወድቁ ሄልሜቱ ጥሏችሁ ይሄዳል ማለት ነው። የተራራው ማሰሪያ 50 ኪሎ ያህል ሲጎትተው እንኳ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ መለጠጥ የለበትም። አመታቱም ሌላ ነው። የግንባታው የሚፈተነው አናቱ ላይ ነው፣ ያውም ከ1 ሜትር። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከአናታችሁ ይልቅ ግንባራችሁና ጎናችሁ ነው የሚጋጨው። ጓደኛዬ «መርካቶ ይህን ሺህ ብር ቢሉኝም እከራከራለሁ» አለኝ። ሻዬን ትቼው ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሱቁ ከፈት ሲል ደረስኩ። ሻጩ አላወቀኝም። ትናንት እናቱን የገደለልኝ ሰው! ሄልሜቱን ሳወጣ ግን አወቀኝና ግድግዳው ላይ ወዳለችው ወረቀት በአገጩ ጠቆመኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ሌሊቱን አዋጅ ሳነብ ነው ያደርኩት። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። ይህንኑ ነገርኩት።

«እሺ። ደረሰኝህን አሳየኛ» አለ። ፈገግ ብሎ።

ዝም አልኩ። ምን ልበል?

«ደግሞ ማሰሪያውን ነቅለህ ነው የምታመጣልኝ? የሰበርከውን ዕቃ ልቀበልህ?» ቀጠለ። ሒሳብ የምትይዘው ሴትዮ ከስልኳ ቀና አለችና «ዋሻ ውስጥ ግን ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ጫማ ሊለካ የተቀመጠው ደንበኛ ሳይቀር ሳቀብኝ። ሻጩ ሄልሜቱን ከእጄ ወሰደና ጭንቅላቴ ላይ ደፍቶ መታ መታ አደረገው። «ያምርብሃል፤ ኮንዶሚኒየም ሥራ!»

የበሩ ልጅ ብቻ አልሳቀም። ካርቶኑን ያጥፋል።

ለማንኛውም፣ ስቲከሩን አትመኑ፤ ከሥሩና ከውስጥ የተቀረጸውን አንብቡ። ማሰሪያውን እዚያው ሱቁ ውስጥ በኃይል ሳቡት። ዓመቱን በፈረንጅ ቁጠሩት። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ቫቱ ያቃጥላችሁ።

ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት መኪናችን ይነሳል፤ እኔ ሄልሜት የለኝም። ትክክለኛውን ለሦስት ቀን የሚያውሰኝ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የጭንቅላቴ ዙሪያ 59 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ከላይ አንብባችኋል።