ሴፍቲኔት ከእናቴ ደጃፍ

እናቴ የምትኖረው ደቡብ ወሎ፣ ገብስ በበልግ በሚዘራበት ደጋ ላይ ነው። የካቲት ላይ ዝናቡ ከቀረ የዓመቱ እህል ቀረ ማለት ነው። ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ ክፍያ ስለሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ስለ ሴፍቲኔት፣ ለመጻፍ የደፈርኩት ለዓመታት ክፍያ በወጣ ቁጥር እሷን ይዤ ወደ ቀበሌ ስለወረድኩ ነው።

ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ታላቅ ወንድሜም ተመዘገበ። ከዚያ በፊት እርዳታ የሚመጣው ርሃቡ ከገባ በኋላ ነበር፤ ስንዴው ሲደርስ በሬው ተሽጧል። በሴፍቲኔት ግን መሥራት የሚችል ቤተሰብ በሰው ቁጥር ልክ በወር አምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፣ ከጥር እስከ ሰኔም ይከፈለዋል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ያገኛል፤ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚባለው ነው፣ እናቴም እዚያ ውስጥ ናት። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከሥራው ወጥታ ክፍያዋ ይቀጥላል። የወንድሜ ሚስት ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ድንጋይ ከመሸከም ያረፈችው በዚህ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሥራውም ከንቱ አልቀረም። ከቤታችን በላይ ያለው ራቁት ተረተር ዛሬ ሙሉ በሙሉ እርከን ነው። ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ ሣሩ በማጭድ እየታጨደ ለመንደሩ ይከፋፈላል። ልጅ ሳለሁ ሚያዝያ ላይ ይደርቅ የነበረው ምንጭ አሁን ክረምት እስኪገባ ይፈሳል።

ቅሬታዬ ክፍያው የሚወጣበት ቀን ላይ ነው። በ2007 በልጉም ክረምቱም ከዳን፤ በ2008 በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚሻ ሆነ። በዚያ ዓመት የእኛ የየካቲትና የመጋቢት ክፍያ ተጠራቅሞ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወጣ። እናቴ ግን መጋቢት ላይ ሁለት ያረገዙ በጎቿን ሸጣለች። ገበያው ሻጭ እንጂ ገዢ አልነበረውምና በግማሽ ዋጋ ሄዱ። ብሩ ሲመጣ ሙሉ ነበር፣ አንድም አልጎደለም፤ አንዷን በግ መልሶ ለመግዛት ግን አልበቃም።

የእህል ዋጋም ብሩን ይበላዋል። ጥር ላይ የተተመነው ሰኔ ላይ ያንኑ ገብስ አይገዛም። እናቴ ብትጠየቅ በብር ፋንታ በእህል ቢከፈላት ትመርጣለች፤ ወንድሜ ዘር ስለሚገዛበት ብሩን ይላል። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ግን አኩርቶኛል። አንድ ዓመት እናቴ የምታሳድጋት የሙት ልጅ፣ የልጅ ልጇ፣ ከዝርዝሩ ወደቀች። የተመዘገበው ሰው ስም በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባልና፣ እናቴ ፊደል ባትቆጥርም በጆሮዋ ያዘችው። እዚያው ተነሥታ «የእኔዋስ ልጅ?» አለች። ጎረቤቶቿ መሰከሩላት፤ ኮሚቴውም ሰምቶ የልጅቷ ስም በሚቀጥለው ወር ገባ። አዲስ የምትመዘገቡ ሁሉ ያ ዝርዝር ሲነበብ አትቅሩ።

ለቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ክፍያው በኋላ ዓመቱን ሙሉ፣ 12 ወር መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነውና። የክፍያ ቀን ሰልፍ ላይ ግን አሁንም ሽማግሌዎች ከጎረምሶች ጋር እኩል ፀሐይ ላይ ይውላሉ። ሌሊት ተነሥቶ ሦስት ሰዓት በእግሩ የመጣ ደካማ ሰው ቢያንስ ቅድሚያ ይገባዋል።

ለሚመለከታቸው ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የክፍያውን ቀን አስቀድማችሁ በገበያ ቀን አስነግሩ። እናቴ ቀኑን ካወቀች ነጋዴው እስከዚያ ድረስ ገብስ በዱቤ ይሰጣታል፤ ካላወቀች በጓን ይዛ ገበያ ትወጣለች።