ልጄ የምትውልበት ዴይኬር (አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ)

የወሊድ ፈቃድ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከዛ ሞግዚት ካልተገኘ አያትም ክፍለ ሀገር ከሆነች ያው ዴይኬር ነው። በ2010 የወጣው የመንግስት ሰራተኞች አዋጅ (1064/2010) የመንግስት መስሪያ ቤቶች የህፃናት ማቆያ ይኑራቸው ብሎ ነበር፣ እኔ ግን ግል ድርጅት ስለምሰራ ራሴው ዞሬ ነው ያገኘሁት።

ከዚህ በፊት ያየሁት አንድ ቤት ፈቃዳችሁን አሳዩኝ ስላቸው "አለ፣ ስራ አስኪያጇ ጋር ነው" አሉኝ፣ ክፍሉን ልየው ስል ደሞ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ወጣሁ። እዚህኛው ፈቃዱ ገና ስትገቡ ግድግዳው ላይ ነው፣ የታደሰበት አመት ይታያል። የክትባት ካርድ ሳያዩ አይመዘግቡም፣ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት መውሰዷን አይተው የ15 ወሩን ሁለተኛ ዙር እንዳትረሺ ብለው ፅፈውልኛል፣ ይሄ በጣም ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ኩፍኝ እንደዛ ልጅ በተሰበሰበበት ቤት አንዴ ከገባ አያድርስ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የወላጅ ኮሚቴውን ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ የሚያየው የዛን ቀን ያለውን ብቻ ነው፣ እኛ ግን ጠዋት ስናደርስ ማታ ስንወስድ በየቀኑ እናያለን። የትንንሾቹ ክፍል አንዷ ሞግዚት ብቻዋን ስትዋከብ አይተን ስብሰባ ላይ አነሳነው፣ መጀመሪያ "ወጪ ነው፣ ክፍያ ይጨምራል" አሉ፣ እኛም ትንሽ ጨምረን እንከፍላለን ግን ሰው ይቀጠር አልን ተቀጠረ፣ አሁን አንዷ ዳይፐር ስትቀይር ሌላዋ ልጆቹን ታያለች። ኩሽናም ሳይነገራቸው መግባት ይፈቀዳል። ባይሰሙን እንኳ ፈቃድ የሰጣቸው ቢሮ ሄደን ማመልከት መብታችን ነው፣ ብዙ ወላጅ ግን ልጄን በክፉ ያዩብኛል ብሎ ዝም ይላል፣ ለዛ ነው በግል ሳይሆን በኮሚቴ መናገሩ የሚሻለው። አባቶች ደሞ እባካችሁ ስብሰባ ኑ፣ ሁሌ እናቶች ብቻ ነን ልጁ የሁለታችንም ነው።

የጎደለው ግቢው ነው፣ ጠባብ ነው ልጆቹ እንደልብ አይሮጡም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ሁለት ልጅ ላለው ይከብዳል። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነን ስለምንዘገይ የመዝጊያ ሰአቱን በኮሚቴ ጠይቀን ግማሽ ሰአት ገፍተውልናል፣ ቅዳሜ ግን አይሰሩም፣ ቅዳሜ ስራ የምትገቡ ሳትመዘገቡ በፊት እሱን አስቡበት።